የእማሆይን ስንዴ የቀቀልሁት እኔ ነኝ

በደብረ ታቦር በኛ ሰፈር በኩል ያለፈ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ስንዴ ሰርቃ ንፍሮ ስለ ቀቀለች ሴት ሰምቶ ይሆናል። አንዳንዱ አብዳ ነው ይላል። አንዳንዱ ሃይማኖቷን ልትቀይር ስትል ነው ይላል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ፤ አላበድሁም፣ ሃይማኖቴንም አልቀየርሁም። ተናድጄ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና ይህን ስጽፍም ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ለስላሳ ታሪክ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድሁም፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ቤታችን ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ቆብ ጫኑና እማሆይ ተባሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው አንቱ ማለት ጀመርሁ።

የእማሆይ ዋና ሥራ መገበሪያ መልቀም ነበር። መገበሪያ ለቅዱስ ቍርባን ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው። ገበሬዎች ከጉና ተራራ ሥር ለደብሩ ያመጡታል፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ቁና እየተሰፈረ እኛ ቤት ይመጣል። እማሆይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። የተሰበረ አይገባም፣ የጠቆረ አይገባም፣ ነቀዝ የነካውማ ጭራሽ አይታሰብም። እየለቀሙ ዳዊት ይደግማሉ። እኔ ገና የወር አበባዬ ያልቆመ ሴት ስለሆንሁ ሰፌዱን እንድነካ አይፈቀድልኝም፤ በገዛ ቤቴ ውስጥ ዞሬው ነው የማልፈው። ቅር ይለኝ ነበር፣ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከአጥራችን ቀጥሎ እትዬ ያልጋነሽ ይኖሩ ነበር። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ባላቸው ቀድመዋቸው ሞተው ከልጃቸው ከስመኝ ጋር ነበር ኑሯቸው። የሰፈሩ ጀበና፣ ማሰሮ፣ እንስራና ምጣድ ሁሉ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ታዲያ ሰው እሳቸው በሠሩት ማሰሮ ወጡን ሠርቶ በቤቱ ይበላል እንጂ እሳቸው ቤት ገብቶ አይበላም። የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይጎዳል የሚል የቆየ ወሬ አለ። ለዚያ ወሬ አንዲት ስም አለችው። ታውቋታላችሁ፤ እኔ እዚህ አልጽፋትም።

የሚያናድደው ማንም በግልጽ የማይናገረው መሆኑ ነው። ሰላምታው ሙሉ ነው፣ ሲታመሙም ይጠየቃሉ፣ ሁሉም ግን ከደጅ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ከበሩ ኋላ በምስማር የተሰቀለች አንዲት ጣሳ ነበረች። እትዬ ያልጋነሽ ውኃ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው በእሷ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውርጄ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ጠጥተው ሲመልሱልኝ አጥቤ እዚያው ሰቅያታለሁ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ያልጋነሽ ሞቱ። በማግሥቱ ተቀበሩ። ሰው አልቀረም፤ ይህን አልክድም። ፍትሐቱ ተደረገ፣ አፈር ተመለሰ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ድንኳኑ መጥቶ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ስመኝ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ ነበር። ንፍሮውን በሰፌድ ይዛ ከወንዶቹ ጀመረች። የመጀመሪያው ሰውዬ ሆዱን ዳበስ አድርጎ ትንሽ እንደሚያመው ነገራት። ቀጥሎ ያለው ስእለት እንዳለበትና እስከ ማታ እንደማይቀምስ ተናገረ። ሦስተኛው ሰፌዱ ሲደርስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ፤ ስልኩ ሲጮህ ግን አልሰማሁም። ሴቶቹ ዘንድ ስትደርስ አንዷ እፍኝ አንስታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ቆይቼ ስወጣ ያ ንፍሮ ከአጥሩ ሥር ተደፍቶ አየሁት።

ከዚያ እኔ ጋ ደረሰች።

«ጥርሴን አሞኛል፣ ስመኝዬ» አልኋት። ጥርሴን አላመመኝም።

ስመኝ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ሄዳ ሰፌዱን እንደ ሞላ ይዛ ተመለሰች። ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎረቤት ሆኜ ያንን ደፍ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በግድግዳው ጥግ ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ስመኝ መሬት ተቀምጣ ከንፍሮው እያፈሰች ትበላ ነበር።

«ጥርስሽን ተሻለሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ቀጥላ ተናገረች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ ሰፈር ስትኖር አንድም ሰው ቤቷ ገብቶ እህል ቀምሶ እንደማያውቅ፣ በሞተች ቀን እንኳ ይደረግላታል ብላ ተስፋ አድርጋ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሠልስቷን አላወጣም። ለማን ላብስል? ማክሰኞ ቤቱን ዘግቼ ወደ ጎንደር እሄዳለሁ።»

ሠልስት ለሞተ ሰው በሦስተኛው ቀን የሚደረግ ጸሎትና ምሳ ነው። እኛ ዘንድ ሠልስቱ ያልወጣለት ሰው ሰው እንደሌለው ይቆጠራል። ስመኝ እናቷን ሰው እንደሌላት አድርጋ ቀብራ ልትሄድ ነው፤ ይህን ያደረግነውም እኛ ነን። አብረናት ያለቀስነው፣ ሬሳውን የተሸከምነው፣ ጥርሴን አመመኝ ያልሁት እኔም።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እሑድ ቅዳሴ ሄድሁ። ትናንት ሆዴን ያለው ሰውዬ ቆርቦ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሲወጣ አየሁት። ስእለት አለብኝ ያለውም ቆርቧል። ካህኑ ቀደም ብሎ ያነበበው «እንካችሁ ብሉ» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ የያዘኝ ፍርሃት አልነበረም። ንዴት ነበር። ጸሎቱን ሳልጨርስ ወጥቼ ወደ ቤት መጣሁ። እማሆይ እዚያው ቀሩ።

መገበሪያው መደቡ ላይ ነበር። ተለቅሞ አልቋል፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ማክሰኞ የደብሩ ንግሥ ነው፤ ሰኞ ወደ ቤተልሔም፣ ማለትም ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ቤት ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ቆሜ አየሁት። የያልጋነሽን ስንዴ አንበላም አሉ፤ ይህንንስ እምቢ ይሉ ይሆን አልሁ በልቤ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህ የጤነኛ ሰው አሳብ አይደለም። ጨርቁን ገለጥሁ። ሰፌዱን በሁለት እጄ አነሣሁ። እትዬ ያልጋነሽ በሠሩት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ገልብጬ ውኃ ጨመርሁና እሳት አነደድሁ።

እማሆይ ሲመጡ ማሰሮው ይፈላ ነበር። ሽታው ነገራቸው መሰለኝ፣ መደቡን ሳያዩ ነው የጠየቁኝ።

«ማሰሮው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«መገበሪያው ነው።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ መደቡ ሄዱ። ከዚያ ተቀመጡ።

«ስንት ቀን እንደ ለቀምሁት ታውቂያለሽ?»

«አሥራ ሰባት ቀን።»

«ለማን እንደሆነስ?»

«አውቃለሁ። ትናንት ያ ንፍሮ ሞልቶ ሲመለስ ግን እሱ የት ነበር? እርስዎስ የት ነበሩ? ከቀብሩ ቀጥታ ወደ ቤት ነው የመጡት።»

ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ አልቻልሁም። በእናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮኽሁ። ያቺ ጣሳ ለምን ከበሩ ኋላ እንደ ተሰቀለች ጠየቅኋቸው። ለአንድ ፍሬ ስንዴ እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው ለጎረቤታቸው ለምን እንዳልተጠነቀቁ ጠየቅኋቸው። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንድም ቃል አልመለሱልኝም። ንፍሮው ሲበስል አጠንፍፌ በዚያው በመገበሪያው ሰፌድ ላይ አደረግሁና ትቻቸው ወጣሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከቅዳሴ የመጡ ናቸው። ሰፌዱን መሐል አስቀመጥሁ።

«ይህ የእትዬ ያልጋነሽ ስንዴ አይደለም» አልኋቸው። «መገበሪያ ነው። እማሆይ አንድ በአንድ የለቀሙት። አሁን ብሉ።»

መጀመሪያ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። ሲገባቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። አንዷ አማተበች። የእግዚአብሔርን ገንዘብ ደፈረች የሚል ጉምጉምታ ተነሣ፣ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ቄሰ ገበዙ ይጠሩ ተባለ። ትናንት ንፍሮውን ረክሷል ብለው እምቢ ያሉ ሰዎች ዛሬ ከብሯል ብለው እምቢ አሉ። እኔም ያንኑ በፊታቸው ተናገርሁ፣ ስም እየጠራሁ። የማን ሆድ እንዳልታመመ፣ የማን ስልክ እንዳልጮኸ፣ ማን ከአጥር ሥር እንደ ደፋ ዘረዘርሁ።

ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩ ንብረት ኃላፊ የሆኑት ካህን፣ ብዙ ሳይቆዩ መጡ። ወደ ደብራችን ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሰፌዱን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። ያጠፋሁት ከባድ ጥፋት እንደሆነ፣ ነገ ንስሐ አባቴ ዘንድ መቅረብ እንዳለብኝ ነገሩኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ ስመኝ ከቤት ወጣች። እኔን ታመሰግናለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሞኝነቴን እዩት።

«ያውጡልኝ አባ» አለች። «ሰፌዱንም እሷንም። እናቴን የቀበርሁት ሰው እንዲጣላባት አይደለም።»

ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። እሷ የጠየቀችው አንድ ሰው ገብቶ እንዲበላ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በእናቷ ድንኳን ውስጥ የራሴን ንዴት አራገፍሁ፤ ከሁሉ በላይ እስከዚያች ሰዓት አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመስሁም ነበር። ሌሎቹን ብሉ እያልሁ ስጮህ የራሴ አፍ ባዶ ነበር።

ሰፌዱን ላነሣ ጎንበስ ስል ሰዉ ወደ ውጭ ዞረ። እማሆይ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው መቋሚያ ይዘዋል፣ በሌላው ጣሳዋን። ቦታ ሲለቀቅላቸው አልተቀመጡም።

«አባ» አሉ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረው፣ «የቤተልሔሙን ምጣድ ማን እንደሚሠራው ያውቃሉ?»

ቄሰ ገበዙ ደብሩ ከገበያ የሚገዛ ይመስላቸው እንደነበር ተናገሩ።

«ያልጋነሽ ናት የምትሠራው» አሉ እናቴ። «በተሰነጠቀ ቁጥር በአጥር እነግራታለሁ። ጾማ፣ ገላዋን ታጥባ፣ አፈሩን ከሌላው ለይታ ቆፍራ ትሠራዋለች። ማንም እንዳያያት ጎሕ ሳይቀድ ከደብሩ አጥር ሥር ታስቀምጥልኛለች። እኔ አንሥቼ አስገባለሁ፣ አሟሻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። የቆረባችሁት ሁሉ በእጇ ሥራ ላይ የተጋገረ ነው።»

ሆዴን ያለው ሰውዬ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ብናገር ምጣዱን ይሰብሩታል፣ እሷንም ያዋርዷታል ብዬ ዝም አልሁ» አሉ። «እሱስ ይሁን። ግን ምጣዱን ከአጥር ሥር አንሥቼ ስመለስ ውኃ ብትጠይቀኝ በዚህች ነው የሰጠኋት። ልጄ የጠየቀችኝን አልመለስሁላትም። መልስ ስለሌለኝ ነው።»

ጣሳዋን ወደ ስመኝ ዘረጉ። «ልጄ፣ ከእንስራሽ ውኃ ቅጂልኝ።»

ስመኝ ወዲያው አልተቀበለቻቸውም። ጣሳዋን አየቻት፣ የእናቴን ፊት አየች። እማሆይ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ጠበቁ። በመጨረሻ ወስዳ ገባችና ሞልታ አመጣችላቸው። እማሆይ ቆመው እስከ ታች ጠጡት። ከዚያ ከሰፌዱ አጠገብ ተቀመጡ፣ አማተቡ፣ እፍኝ ንፍሮ አንሥተው መብላት ጀመሩ። ጥርስ ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አሥራ ሰባት ቀን የለቀሙትን ስንዴ በለቅሶ ቤት ሲበሉ ቆመን አየናቸው።

ቀጥዬ እኔ ተቀመጥሁ። በላሁ፣ ጨው አልነበረውም፣ ጥርሴም አላመመኝም። ቄሰ ገበዙ ትንሽ ካመነቱ በኋላ ባርከው ቀመሱ። ከዚያ አሥራ አንድ ሰው በላ። ሁሉም አይደለም፤ ሁሉም በላ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። የቀሩት በድንኳኑ ጎን ሹልክ ብለው ወጡ፣ ሆዴን ያለውም ከእነሱ ጋር ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ያቋርጣል። ስመኝን ብዪ ስላት ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ትናንት በልቻለሁ፣ ብቻዬን።»

በማግሥቱ ማለዳ ከበሉት መሐል ያሉት አሮጊቶች ከየቤታቸው ስንዴ ይዘው መጡ። የንግሡ መገበሪያ ጠፍቷልና መተካት ነበረበት። እማሆይ ነጩን ጨርቅ ያነጠፉት እኛ ቤት አልነበረም፤ ስመኝ ቤት፣ ያልተተኮሱት ማሰሮዎች ፊት ነው። ስድስት ሆነው ሲለቅሙ ዋሉ። ስመኝ ጠዋት ላይ ከጥግ ቆማ ታያቸው ነበር። ረፋድ ላይ ተነሥታ እሳት አነደደች፣ ሽሮ ሠራች፣ እንጀራ አቀረበች። ካህናቱ መጥተው ጸሎት አደረሱ፣ አሮጊቶቹም በሉ። የእትዬ ያልጋነሽ ሠልስት በዚህ ሁኔታ ወጣ። ማክሰኞ ስመኝ ወደ ጎንደር አልሄደችም፤ ለምን እንደቀረች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ንስሐ አባቴ ስለ ስርቆቱ የአርባ ቀን ስግደትና አንድ ኩንታል ስንዴ ቀኖና ሰጡኝ። ይገባኛል፣ ፈጸምሁት። ስለ ጥርሴ ግን አልጠየቁኝም ነበር፤ እኔው ነገርኋቸው። ከስንዴው ይልቅ ያንን ስናገር ነው ያለቀስሁት።

ከወራት በኋላ የቤተልሔሙ ምጣድ ተሰነጠቀ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ስመኝ ቤት መጡ። እሷም እንደምትሠራ፣ አጥር ሥር ግን እንደማታስቀምጥ፣ በቀን በዋናው በር ተሸክማ እንደምታመጣው ነገረቻቸው። ሰዎች ማማከር አለብኝ ብለው ሄዱ። ሦስት ሳምንት አማከሩ። ሦስት ሳምንት ኅብስቱ በተውሶ ብረት ምጣድ ተጋገረ። ከዚያ አንድ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ስመኝ ነጭ ለብሳ ምጣዱን በራሷ ላይ ተሸክማ በዋናው በር ገባች። እማሆይ በመቋሚያቸው ከኋላ ከኋላ ይከተሏታል። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላት። ከአክብሮት ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፣ ግድም አልሰጠኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ሰዎች ተረጋጊ ይሉኛል። አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፣ ርሺው ይሉኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቅዱሱን ነገር ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጌ ስዞረው ኖሬአለሁ። አትንኪ ስለተባልሁ ያለው እዚያ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አጥር ሥር በጭቃ እጅ ይቀመጥ ነበር፣ ከደጃችን ቆሞ ውኃ ይጠይቅ ነበር፣ እኔም በጣሳ እየሰጠሁ እመልሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር አውቆ ተረጋግቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚቻል የምታውቁ ንገሩኝ። እስከዚያው ግን ተነሡና ከበራችሁ ኋላ የተሰቀለውን እዩ። ጣሳ ላይሆን ይችላል፤ የተለየ ወንበር፣ የተለየ ሰሃን ወይም የተለየ ሰላምታ ሊሆን ይችላል።

እማሆይ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። እስኪሞቱ ድረስ ውኃቸውን በያቺ ጣሳ ነበር የሚጠጡት፤ ሌላ ዕቃ ባቀርብላቸው ይመልሱልኛል። ዛሬ ጣሳዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። እኔ በእሷ እጠጣለሁ። ስመኝ ስትመጣ በብርጭቆ ነው የምሰጣት።